ስም ያልነበረው የአባታችን ሕመም

ታላቅ ወንድሜና እኔ ከአንድ እናትና አባት ተወልደን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ቤት ብናድግም በአኗኗር ሰማይና ምድር ነበርን። እሱ ሸዋ ቤንች በኩል ቡና ነበረው። ከቤቱ ወደ ቡናው፣ ከቡናው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ ገበያ የሚሄደው በእግሩ ነው። አጽዋማቱን አንድም ሳያጓድል ይጾማል። በጾም ጎደሬና ጎመን፣ ጾሙ ሲፈታም ያው ጎደሬና ጎመን፤ በዓል ካልሆነ ሥጋ ትዝ አይለውም። አረቄ በከንፈሩ አልዞረም። ሲጋራ ከሸተተው ቦታ ይቀይራል።

እኔ ሹፌር ነኝ። ከቴፒና ከሚዛን ቡና እየጫንኩ ወደ ጅማ፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ በአይሱዙ ስመላለስ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ጠዋት መሪ የጨበጥኩ ለምሳ ነው የምወርደው፤ ምሳዬም ሥጋ ነው። በየከተማው የማውቀው ሉካንዳ ነበረኝ፤ አንዳንዱ ባለሉካንዳ መኪናዬን ገና ከሩቅ ሲያይ ቢላውን መሞረድ ይጀምር ነበር። ቁርጥ በአዋዜ፣ በላዩ ላይ አረቄ፣ በአረቄው ላይ ሲጋራ። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ሆዴ መሪውን ይነካ ነበር። ባለቤቴ ሱሪዬን በየዓመቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ታሰፋልኝ ነበር።

ወንድሜ ባየኝ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ የምቀብርህ እኔው ነኝ» ይለኛል። እየቀለደ አልነበረም፤ ቀልድ አያውቅም። እኔም አምኜው ነበር።

የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ጅማ ጉዳይ አለኝ ብሎ ከእኔ ጋር ተሳፈረ። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ከሚዛን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ «እስቲ አቁምልኝ» አለ። ወርዶ ጫካ ገባና ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ እንደገና «አቁምልኝ»። ሦስተኛው ላይ ቆየብኝ። ጥሩምባ ነፋሁ፤ አልመጣም። ወርጄ ብከተለው አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፎ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። እግሩ ሥር ቅጠሉ ላይ ያለውን ሳየው መጀመሪያ የራሴን ዓይን ነው የተጠራጠርኩት። ደም ነው፤ ብዙ ደም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኪንታሮት ነው። አትጩህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«ስምንት ወር ሙሉ? ለማን ነገርክ?»

«ይሄ ለሰው የሚነገር ነገር ነው እንዴ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ወንድሜን ተቆጥቶ እንጂ አፍሮ አይቼው አላውቅም ነበር።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን ሲያስር ልብ ብዬ አየሁት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቀዳዳ ሁሉ አልፎ፣ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩት። ሲጾም ይከሳል ብለን ነበር እኮ የምንተወው። ሚስቱ ጠይቃው «የሰኔ ጾም ገና ሳይጀመር ምነው ከሳህ?» ስትለው «የሁዳዴው ነው ያልወጣልኝ» ብሏት ዝም አሰኝቷታል። አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ የሰጠውን ሥር እየዘፈዘፈ ሲጠጣም ከርሟል። ሰውዬው ደግ ሰው ነው፤ የነገሩትን አምኖ ለኪንታሮት የሚሆነውን ነው የሰጠው። ኪንታሮት ነው ያለውም ወንድሜ ራሱ ነው።

ጅማ ስንደርስ ቡናውን ሳላራግፍ ቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኩት። እንቢ አለ፤ ተለማመጥኩት፤ በመጨረሻ «እንግዲያው እዚሁ በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ» ስለው ገባ።

ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በጣቷ መመርመር እንዳለባት ስትነግረው ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መጋረጃው ተዘጋ። ሲከፈት ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ እጇን ስትታጠብ አያለሁ፤ ብዙ ታጠበች። ሰው ክፉ ነገር ለመናገር ሲዘጋጅ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ናሙና ተወሰደ፤ ደም ተሰጠው፤ ከሳምንት በላይ እዚያው ተኛ። ውጤቱ ሲመጣ የደንዳኔው፣ ማለት የትልቁ አንጀት፣ የታችኛው ጫፍ ላይ ካንሰር እንዳለ ነገረችን። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው፤ ወንድሜ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ የፈራ ይመስል ዙሪያውን ተገላመጠ።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና ትጠይቀው ጀመር።

«ያጨሳሉ?»

«ኧረ በስመ አብ።»

«መጠጥስ?»

«አልጠጣም።»

«ሥጋ ያበዛሉ? የተጠበሰ፣ ያረረ?»

«ገና፣ ፋሲካ፣ መስቀል። ሌላ ጊዜ የለም።»

«ሥራዎ ቁጭ ብሎ ነው?»

«ገበሬ ነኝ ልጄ፤ የት ልቀመጥ?»

እሱ «አይ» ባለ ቁጥር እኔ በልቤ «አዎ» እላለሁ። ጥያቄዎቹ ሁሉ የእኔ ነበሩ። አንድ ሰው አድራሻ ተሳስቶ የእኔን ደብዳቤ ለወንድሜ የሰጠው ነው የመሰለኝ።

በመጨረሻ «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው አለ?» አለች።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

አባታችን የሞተው እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከሰሜን ሸዋ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ ሚዛን የቀረ ሰው ነበር። ገና አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ከሳ፤ ደም ይወርደው ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሆዱ ተነፍቶ የበላውን ሁሉ ይመልሳል። ስለ ሕመሙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ምክንያቱ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ከቤታችን በታች የምትኖር ጎረቤታችን፣ ላማችን ጎደሬዋን በልታባት ከአባታችን ጋር ተጣልታ ነበር። ከታረቁ በኋላ ቤቷ ዝክር ጠርታው ጠላ ጠጣ። ሕመሙ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ተባለ። መድኃኒት አቅምሳዋለች ተባለ። እናታችን በለቅሶው መሐል የሴትዮዋን ስም ጠርታ ረገመቻት፤ አገር ሰማ፤ በቃ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርናት። ስለ ጠላው ስናወራ አልሳቀችብንም። ዕድሜውን ጻፈች፤ ደሙን ጻፈች፤ መክሳቱን ጻፈች።

«አባታችሁን አላየኋቸውም» አለች። «ስለዚህ ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን የነገራችሁኝ ምልክት ሁሉ ከዚሁ በሽታ ጋር ይሄዳል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በዘር ይከተላል።»

ወንድሜን ወደ ክፍሉ ሲወስዱት ኮሪደር ላይ ደረስኩባት።

«ዶክተር፣ እሱ አያጨስ፣ አይጠጣ። የምጠጣው እኔ፣ የማጨሰው እኔ፣ የወፈርኩት እኔ። እንዴት እሱን?»

ቆማ አየችኝ። ሆዴንም አየችው።

«ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ቀይ ሥጋ ማብዛት፣ ውፍረት፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ እነዚህ ሁሉ የመታመሙን ዕድል ይጨምራሉ። ይጨምራሉ ማለት ግን ያጨሰ ሁሉ ይታመማል፣ ያላጨሰ ይተርፋል ማለት አይደለም። ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ እኛም የማናውቀው አለ። ወንድምህ ምንም አላጠፋም። አንተ ግን ሁለቱም አለብህ፤ ዘሩም አኗኗሩም። ምንም ባያምህም መመርመር አለብህ። እህት ወንድም ካላችሁም እንዲሁ።»

አንዲት ታናሽ እህት አለችን፤ ማጂ አግብታ የምትኖር።

«እሺ» አልኳት። ስል ግን ለመመርመር እሺ አላልኩም፤ እንድትለቀኝ ነው።

ወንድሜን ቀዶ ጥገና አደረጉለት። ሕመሙ ከታች ስለነበር መውጫው ተዘግቶ፣ ሰገራው በግራ ሆዱ በኩል በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ላስቲክ ከረጢት እንዲወርድ ሆነ። ነርሷ እንዴት እንደሚለጠፍና እንደሚታጠብ ስታሳየን ወንድሜ ጣራውን ነበር የሚያየው። ያልገባው መስሏት ሁለቴ ደገመችለት። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኋላም ሚስቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ለተከታዩ ሕክምና በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረበት። በእኔው መኪና አመላልሰው ጀመር።

የእኔ ፍርሃት የተወለደው በዚያ መንገድ ላይ ነው። «ሁለቱም አለብህ» ያለችኝ ነገር ዳገቱን ስወጣም ቁልቁለቱን ስወርድም ጆሮዬ ላይ ነው። ሲጋራ በአንድ ሳምንት ተውኩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መተው ያቃተኝን። አረቄውን ተውኩ። ሥጋውን ተውኩ። ቦንጋ ያለው ባለሉካንዳ ወዳጄ መኪናዬ ሳትቆም ስታልፍ እያየ «ምነው፣ መነኮስክ እንዴ?» ብሎ በስልክ አሾፈብኝ። ማታ መኪናዬን ካቆምኩ በኋላ በእግሬ ከተማውን እዞር ጀመር። ጎመን፣ ክክ፣ በቆሎ፣ ጎደሬ። ባለቤቴ ደስ ብሏታል፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ሱሪዬን ለማጥበብ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትሄድ «እግዜር ልብ ሰጠው» ብላ ማውራቷን ሰማሁ።

እግዜር ልብ አልሰጠኝም። እየተደራደርኩ ነበር። ሥጋውን ልተው፣ ምርመራውን ተወኝ ማለቴ ነው። ሐኪሟ ተመርመር ያለችኝን ትቼ፣ ያላዘዘችኝን ሁሉ አደርግ ነበር።

በየጠዋቱ ሽንት ቤት ገብቼ ሳልወጣ እቆያለሁ። አያለሁ። የእጅ ባትሪ ይዤ እገባ ነበር፤ አሁን ሳወራው ያሳፍረኛል። አንድ ጊዜ ጅማ በያይነቱ በልቼ አደርኩና ጠዋት ሳይ ቀይ ነው። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጆቼን አሰብኩ፤ ከረጢቱን አሰብኩ፤ የአባቴን የተነፋ ሆድ አሰብኩ። እንዴት እንደወጣሁ ሳላውቅ ከሆቴሉ ወጥቼ መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ቡናው መራገፍ ነበረበት፤ የጉልበት ሠራተኞቹ በመስኮት እያዩኝ ያልፋሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ማታ ከበያይነቱ ጋር ቀይ ሥር መብላቴ ትዝ ያለኝ። ቀይ ሥር እንዲህ እንደሚያደርግ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ አይቼ አውቅ ነበር እኮ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ ግን ከልብ አልነበረም። «ዛሬ ቀይ ሥር ነው፤ ነገስ?» የሚለውን ይዤ ተነሳሁ።

ዓመቱ ተለውጦ በመስከረም፣ ወንድሜ ትንሽ አገግሞ ሳለ «ና፣ አንድ ቦታ እንሂድ» አለኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ከአካሄዱ ገብቶኛል። ወደ ተወለድንበት ሰፈር ወርደን ከቤታችን በታች ወዳለው ግቢ ገባን።

ሴትዮዋ አርጅተዋል። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ማን መሆናችንን ሲያውቁ እጃቸው ትንሽ ቆመና እንደገና ቀጠለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው» አለ ወንድሜ።

«የምን ይቅርታ?»

«የአባታችንን ነገር።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታችሁ ዛሬ ምን አመጣው?»

ወንድሜ ጋቢውን ገለጠና ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ከረጢቱን አሳያቸው። ለሚስቱ እንኳን ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያሳያት። «አባታችንን የገደለው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እኔንም ይዞኛል። ሐኪም ነው የነገረን።»

በቆሎውን አስቀመጡት።

«እኔ ያኔውኑ ነግሬያችሁ ነበር» አሉ። «ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ምያለሁ። ከሐኪም ሲሆን ነው እንዴ የሚታመነው?» ድምፃቸው አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «እናታችሁ ስሜን ከጠራች ወዲያ ሰው ከእጄ ውኃ አልቀመሰም። ልጄን ስድር የሠርጉን ጠላ የጠመቀችው ሌላ ሴት ናት። ከላይኛው ምንጭ ስቀዳ ሴቶቹ ቅላቸውን እየደፉ ሲሄዱብኝ፣ ታች ወንዙ ድረስ መውረድ ጀመርኩ። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ እዚያ ነው የቀዳሁት። ወገቤ ያለቀው እዚያ መንገድ ላይ ነው።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ሊይዝ ሲል «ተው፣ ቁስልህን» ብለው ትከሻውን ያዙት።

«እናንተ ልጆች ነበራችሁ። እናንተን ይቅር ብያለሁ። እናታችሁን ግን... እሷ መጥታ ብትጠይቀኝ ኖሮ። እሷም ሞተች። የእሷን አላውቀውም።»

ውኃ አምጡልን አልን። አመጡልን፤ ከእጃቸው ተቀብለን ጠጣን። እሳቸው ስንጠጣ እስከ መጨረሻው ያዩን ነበር።

ስንመለስ ወንድሜ ዳገቱ አደከመውና ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንገት «አንተ ተመረመርክ?» አለኝ።

«እሄዳለሁ ጋሼ። ይሄ የቡና ወቅት ይለፍና...»

«አየህ፣ እኔም እንዲህ ነበር የምለው። ቡናው ይለቀም፣ ጾሙ ይፈታ። ስምንት ወር ሙሉ ደብቄ ነው እዚህ የደረስኩት። እኔ አላወቅኩም ነበር፤ አንተ እያወቅክ ነው።» ከድንጋዩ ተነሳና «ሳትመረመር ሁለተኛ አዲስ አበባ እንዳትወስደኝ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለ።

ከረጢት ሆዱ ላይ ለጥፎ፣ አሥራ ምናምን ሰዓት በአውቶቡስ። እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ይህ ሰው ሁዳዴን በታይፎይድ ተይዞ የጾመ ነው።

ለባለቤቴ ያን ቀን ነገርኳት። አልጮኸችም። «ለዚህ ነው እንዴ ጎመን የምትበላው?» ብላ ብቻ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

አዲስ አበባ በምርመራው ዋዜማ ብዙ ሊትር ጨዋማ ፈሳሽ ያስጠጡሃል፤ አንጀትህ እስኪታጠብ ድረስ። የዘመድ ቤት ነበር ያረፍኩት፤ ሽንት ቤታቸውን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያዝኩባቸው። ጠዋት ጀርባው የተከፈተ ጋውን አልብሰው በጎኔ አስተኙኝ። መርፌ ወጉኝ፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች አስገቡብኝ። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ስክሪኑ ላይ የራሴን ውስጥ አየሁ፤ ሮዝ፣ እርጥብ፣ የሚታጠፍ መንገድ ይመስላል። እንደ ሹፌር ነበር የማየው፤ ኩርባው ሲመጣ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። ሐኪሙ ቆመ። ወደ ኋላ መለሰ። «እዚህ አንድ አለ» አለ ለነርሷ። ትንሽ ሄዶ «እዚህም»።

በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ሦስት ትንንሽ እባጮች አግኝቶ በሽቦ ቀለበት ቆርጦ አውጥቷቸዋል። ካንሰር ይሁኑ አይሁኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ ሁለት ሳምንት።

ያንን ሁለት ሳምንት ልገልጸው አልችልም። ሥራ አልተውኩም፤ ተቀምጬ ብጠብቅ አብድ ነበር። ቴፒ ጫንኩ፣ ጅማ አራገፍኩ። የስልኬ ድምፅ በጮኸ ቁጥር መኪናዋን ዳር አስይዛለሁ። ልጆቼን የት እንደማስቀር፣ መኪናዋን ለማን እንደምሸጥ አሰላስላለሁ። አንድ ቀን ሸኮ አካባቢ ቆሜ ጎማ ስፈትሽ፣ አንድ ገበሬ ሙዝ ሊሸጥልኝ መጥቶ «ጌታዬ፣ አሞሃል?» አለኝ። «አይ፣ ምንም አልሆንኩም» ብዬ ያለ ፍላጎቴ ሙሉ ዘለላ ገዛሁ።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አይደለም አሉኝ። ግን ሐኪሙ በስልክ ሳይዋሸኝ ነገረኝ፦ «ሁለቱ ዓመታት ቢቆዩ ኖሮ ወደዚያ ሊለወጡ የሚችሉ ዓይነት ናቸው። ቆርጠናቸዋል። በሦስት ዓመት ተመልሰህ ትታያለህ። ሲጋራውን መተውህ ጥሩ ነው፤ እንዳትመለስ። ሥጋውንም አታብዛ። ግን ጎመን በላሁ ብለህ ቀጠሮውን እንዳትተው።» ከየት እንዳወቀብኝ እንጃ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለወንድሜ ነው። «ተመስገን፣ ተመስገን» አለ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። አንድ ሙሉ ዓመት ቡናውን ራሱ ለቀመ፤ ከረጢቱን በሰፊ መቀነት አስሮ። ከዚያ ጉበቱ ላይ ተገኘ። በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ሲያቅተው ሚስቱ አጥሚት በማንኪያ ትሰጠው ነበር። አንድ ቀን ጎኑ ተቀምጬ ሳለ «የምቀብርህ እኔ ነኝ እልህ ነበር» አለኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። በኅዳር፣ ቡናው ቀይቶ ሳለ ሞተ።

የቀረችው እህታችን ናት። ጅማ ካወቅንበት ቀን ጀምሮ ስነግራት ቆይቻለሁ፤ በስልክ፣ በሰው፣ ራሴ ማጂ ድረስ ሄጄ። አልሰማ አለችኝ። መጀመሪያ «ወንድ ሐኪም ፊት እንዲህ አልሆንም» አለች። ሴት ሐኪም አለች ስላት «ሱቁን ለማን ትቼ» አለች። የእውነተኛው ምክንያት የገባኝ በወንድማችን አርባ ላይ ነው። እኚያ ጎረቤታችን በምርኩዝ መጥተው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ፣ እህቴ ተነስታ ወጣች። ተከትዬ ጓሮ አገኘኋት።

«አባዬን የገደለችውን እዚህ ታስቀምጣለህ?»

«እሳቸው አልገደሉትም። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እሷ ካልሆነች... እሷ ካልሆነች እኔም ውስጥ አለ ማለት ነው። ገባህ? እሷ ካልሆነች ሦስታችንም ነን።»

እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እምቢታዋ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። የባሰ ፍርሃት የያዛት እሷ ነበረች። እቅፍ አድርጌ ያዝኳት። እባጮቼን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ቀይ ሥሩን፣ ጋቢና ውስጥ ማልቀሴን ሁሉ ነገርኳት። ቀይ ሥሩ ላይ እያለቀሰች ሳቀች።

ጥር ላይ ከማጂ ወርዳ መጣች። ባሏ አብሯት ሊመጣ ፈልጎ ነበር፤ «ወንድሜ ይበቃኛል» ብላ አስቀረችው። አዲስ አበባ ያንን ጨዋማ ነገር ስትጠጣ እያንዳንዱን ብርጭቆ እየረገመች ነበር፤ እኔ አብሬያት ባዶ ውኃ እጠጣለሁ፤ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። የመረመረቻት ሴት ሐኪም ናት። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። ለራሴ ስመረመር እንዲህ አልፈራሁም።

በሩ ሲከፈት ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ምንም የለም። በአምስት ዓመት ትምጣ።»

እህቴ ከመደንዘዣው ሙሉ በሙሉ አልነቃችም ነበር። እጄን ይዛ «ምን አለች?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና «ምን አለች?» ትላለች። አምስት ስድስት ጊዜ ነገርኳት። አልሰለቸኝም።

ስንመለስ ጅማ አድረን በማግስቱ ሚዛን ገባን። ወደ ማጂ ከመሳፈሯ በፊት የወንድማችንን ትልቋን ልጅ ጠርታ አስቀመጠቻትና አባቷ በስንት ዓመቱ እንደታመመ፣ እሷም ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድማ መታየት እንዳለባት ሐኪሟ እንዳለችው አድርጋ ነገረቻት። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ጥያቄ ሳትጠይቅ ሰማች፤ ከዚያ ስልኳን አወጣችና መታየት ያለባትን ዓመት ጻፈች።